ወደ ጅቡቲ የሚኬድበት ወር

ወደ ጅቡቲ መቼ መሄድ እንደሚሻል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ሳላመነታ እመልስለታለሁ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለእንግዳ አይሆንም። በሰኔና በሐምሌ ከበረሃ የሚነሳው ንፋስ ፊት ይለበልባል፣ አቅም ያላቸው የአገሬው ሰዎች እንኳ ወደ ደጋ ይሸሻሉ። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በአየር ንብረት ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚከራከር አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱም ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ መሪጌታ ነው፣ የአንኮበር ሰው። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት የሚመራው እሱ ነው። ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውሉ በጣቱ ቆጥሮ ያወጣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፋሲካ መቼ እንደሆነ ለማወቅ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ካላንደር ከሚገልጥ እሱን መንገድ ላይ አስቁሞ መጠየቅ ይቀለዋል። እኔ ደግሞ የአረርቲ ልጅ ነኝ። ሞቅ ያለ አገር ተወልጄ፣ በመምህርነት ተመድቤ ወደዚህ ውርጭ ከመጣሁ ወዲህ በደንብ የሞቀኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ሁለታችንም እናውቃለን ባዮች ነን፣ ሁለታችንም በያዝነው እንጸናለን።

ያጣላን የነበረው ግን የአየር ንብረት አልነበረም። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ወደብ ላይ ዕቃ በሚያስተላልፍ ድርጅት ተቀጥራ ጅቡቲ ሄደች፣ እዚያው አብሯት የሚሠራ የአገሩን ሰው አገባች። ሰውየው ሙስሊም ነው። እሷ ሃይማኖቷን አልለወጠችም፣ እሱም ለውጪ አላላትም። ይህን በስልክ ስትነግረን አባቷ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አልተቆጣም፣ አልረገመም፣ ልጄ አይደለችም አላለም። ዝም ነው ያለው። ዝምታው አራተኛ ዓመቱን ሲይዝ የልጅ ልጃችን መሮጥም ማውራትም ጀምራ ነበር። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሰው ልጁንና የልጅ ልጁን በዓይኑ እንዲያይ። ልጅቷ ደግሞ ቁርጥ አባቷን ናት፤ «አባባ መጥቶ ቤቴን ካልረገጠ እኔ እዚያ መጥቼ በር ላይ አልቆምም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች።

እንሂድ ስለው እምቢ አይልም። እምቢ ማለት አይወድም፤ የሚወደው «ወቅቱ አይደለም» ማለት ነው። መጀመሪያ ጥርን መረጥኩ። ስልኬን ከፍቼ ያላነበብኩት ነገር አልነበረም፤ ለአገር ጎብኚ የሚጽፉት ሁሉ ታኅሣሥንና ጥርን ያወድሳሉ፣ እኔም ከካርታዬ የማውቀው ይህንኑ ነው። «ጥምቀት እያለ?» አለኝ። ታቦት ሲወጣ እሱ ከዝማሬው ሊጎድል ኖሯል፤ እሺ፣ ተውኩት። ኅዳር ይሁን አልኩ። ኅዳር ጽዮን አለች፣ የነቢያት ጾምም ገብቷል አለኝ። መስከረምን ሳነሳ ጭራሽ የአያቶቹን ሕግ አመጣብኝ። አንኮበሮች ድሮ ለገበያ ወደ ቆላ ሲወርዱ ክረምቱ እንደወጣ አያድሩም ነበር፤ ንዳድ ይይዘናል ብለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ይመለሳሉ።

«ወባ ነው የምትለኝ፤ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው» አልኩት።

«ንዳድ ነው የምልሽ» አለኝ።

በግንቦት እንሂድ ያለኝ ግን እሱ ራሱ ነው፣ ያውም ፈገግ ብሎ። ግንቦት ላይ ጅቡቲ ምን እንደምትሆን እንደማውቅ ያውቃል፤ እምቢ የምለው እኔ እንድሆን ፈልጎ ነው። ያን ቀን አንቱ አልኩት። ስናደድ ባለቤቴን አንቱ እለዋለሁ፤ እሱም ያኔ ነገሩ እንደመረረ ይገባዋል። «እርስዎ ያጡት ወቅት አይደለም» አልኩት፣ «ድፍረት ነው ያጡት። የሰበካው ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው።» ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ።

ልጃችን በየሳምንቱ እሑድ በቪዲዮ ትደውላለች። እኔ ሶፋው ላይ ተደላድዬ ስልኩን ከአበባ ማስቀመጫው አስደግፋለሁ፣ የልጅ ልጄ አማርኛና የአባቷን ቋንቋ እየደባለቀች ታወራኛለች። መሪጌታ በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ ሥራ አያጣም። አንድ ጊዜ መጽሐፍ ሊወስድ፣ አንድ ጊዜ መስኮት ሊዘጋ ከኋላዬ ያልፋል፤ አልፎም ይመለሳል። በስልኩ ውስጥ ከሱ የሚታየው የጋቢው ጫፍ ብቻ ነው። ሕፃኗም ከዚያ የተለየ ነገር አይታ ስለማታውቅ «ጋቢ» ብላ ስም አወጣችለት። ባለፈ ቁጥር «ጋቢ መጣ» ትላለች። እኔ እስቃለሁ፣ ልጄ ትስቃለች፤ እሱ በሩ ጥግ ቆሞ ይሰማል። ስልኩ ሲዘጋ «ምን አለች?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ የሰማውን ሁሉ እንደገና እነግረዋለሁ።

እኔ በቀላሉ ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም። አምና ቁጭ ብዬ አሰብኩና ፋሲካ ማግስትን መረጥኩ። ጠያቂ በፍስክ ነው የሚሄደው። በጾም ሰው ቤት ሄዶ መሰንበት የቤቱን እመቤት ማስጨነቅ ነው፤ ምን ታቅርብ? ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ ቢጀምርም ገና አይከርርም። የቀረኝ የሥጋው ጉዳይ ብቻ ነበር። እኛ አገር ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን እንደሚበላ ሕፃንም ያውቀዋል። ሰርግ ሲደገስ ሁለት ድንኳን ይተከላል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ጅቡቲ ሄጄ ድንኳን መትከል ስለማልችል ሥጋችንን ይዤ ልሄድ ቆረጥኩ። ጥሩ አድርጌ ዘልዝዬ፣ በበርበሬና በጨው አሽቼ ጓዳ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። የደብረ ብርሃን ንፋስ ቋንጣ ለማድረቅ የሚያህለው የለም።

መሪጌታ ጓዳ ገብቶ አየው።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለአንተ ነዋ። የእነሱን ሥጋ አትበላም፤ የራስህን ይዤልህ እሄዳለሁ።»

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እንደዚያ ሲቀመጥ ነገር እንዳለው አውቃለሁና እጄን ታጥቤ ጠበቅሁት።

«አማት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ሲመጣ አማች ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ያርዳል።»

«ካረደ በኋላ አልበላም ልበለው? በገዛ ቤቱ፣ በዘመዶቹ ፊት፣ የራሴን ቋንጣ ከሻንጣ አውጥቼ ላኝክ?»

«ዓሣ እንዲያቀርብ ለልጅቷ እነግራታለሁ። የባሕር አገር አይደለም እንዴ፤ ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም።»

«ለአማቱ በግ ነስቶ ዓሣ አቀረበ ይባል?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብበላ ማኅሌት ላይ መቆም አልችልም። ባልበላ የልጄን ባል ንቄው ወጣሁ ማለት ነው። የምመልሰውን ገበታ ወዳለበት ቤት እንዴት ብዬ ልግባ?»

ያን ሁሉ ጊዜ እልኸኛ ነው፣ ሐሜት ፈሪ ነው እያልኩ የተቃጠልኩበት ሰው የአማቹን ገበታ ሲያስብ ነው የኖረው። አይቶት የማያውቀውን ሰው እንዳያሳፍር ነው ልጁን ሳያይ የቀረው። ንዴቴ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ቋንጣውን ለራሳችን ፈርፍሬ ሠራሁትና ጉዳዩን ለጊዜው ተውኩት።

ዘንድሮ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ የጓሮው ጎመን ነጭ ሆኖ አድሯል። እኛ ሁለት ወንበር አውጥተን የቤቱን ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። መሪጌታ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር።

«በዐቢይ ጾም እንሂድ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ጅቡቲ ነዋ።»

እንደገና እየቀለደብኝ መሰለኝ። በሁዳዴ ከሱ የበለጠ ሥራ ያለበት ሰው የለም፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው በሙሉ በሱ ላይ ነው። ለጥምቀት የቀረ ሰው በሁዳዴ ሊነሳ ነው? ደግሞስ በጾም ማን ሰው ቤት ይሄዳል? እንዲህ ብዬ ብቻ አልተውኩትም፤ ስልኬን አወጣሁና ለመርታት ማንበብ ጀመርኩ። የካቲትና መጋቢት አየሩ ጥሩ ነው ይላል። ነገር ግን ዘንድሮ ረመዳን የሚውለው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ቀን ቀን ምግብ ቤት ይዘጋል፣ አገሩ ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ጎብኚ ሌላ ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል ይላል። ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ለዚያ እኮ ነው» አለኝ።

ከዚያ ዓይኑን ገልጦ በጣቱ እየቆጠረ አስረዳኝ። የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባሉ። እሱ ሥጋም ወተትም አይቀምስም፤ አማቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጣም። ለጾመኛ እንግዳ በግ አይታረድም። ማታ ሲያፈጥሩ እነሱ የራሳቸውን ይበላሉ፣ እሱ ሽሮውን ይበላል። መሪጌታ ሁዳዴ ስለጾመ የሚቀየም ሙስሊም የለም። ሰውየው ሳያፍር፣ እሱም ሥርዓቱን ሳያፈርስ አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ።

እኔ ነኝ ያለች የጂኦግራፊ መምህር ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። አንድ ነገር ግን ቆጠቆጠኝ።

«አምናስ?» አልኩት።

ፀሐይዋን አየት አደረገና «አምናም ገጥመው ነበር» አለ። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት። አልደፈርኩም።»

«ከርሞስ?»

«ከርሞ የእነሱ ሲያልቅ የእኛ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ዞረው እስኪገናኙ እኔ አልኖርም።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም። የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራ ሰው ነው፣ የራሱንም ዕድሜ እንደማንኛውም ነገር ይቆጥራል። እኔ ግን ወንበሬን ትቼ ተነሳሁ። የዚያኑ ዕለት ለልጄ ደወልኩና ወሩን ነገርኳት። «በረመዳን? በሁዳዴ? እማዬ፣ ምን ልመግባችሁ ነው?» አለች። «ምንም» አልኳት፣ «ደስ የሚለውም እሱ ነው።»

ፈቃድ የጠየቀው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በቅጥሩ ውስጥ ቆሞ ሲጨዋወት ነው። እኔ የደብሩን አለቃ ለብቻቸው ወደ ጎን ጠርቶ የሚነግራቸው መስሎኝ ነበር። አለቃውን እዚያው ሰው መሐል እንደቆሙ፣ በዚያ ለዜማ በተፈጠረ ድምፁ፣ «ልጄ ጅቡቲ ናት። የሙስሊም ሚስት ናት፣ ልጅም ወልዳለች። ልጠይቃቸው ነው» አላቸው። አለቃው ጾመ ድጓውን ማን እንደሚይዝ ብቻ ጠየቁት፣ ተተኪውን ነገራቸው፣ አለቀ። ከኋላ የታማ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ጋ ግን አልደረሰም። ከአጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ሳሟቸው፣ ሰላም በሏት» አሉኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጁን ያዝኩት፤ አደባባይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም ነበር።

ከምኩራብ፣ ከሁዳዴው ሦስተኛ እሑድ በኋላ ተነሳን። ለስጦታ የያዘው ብርድ ልብስ ነው፤ ወፍራሙን፣ የደብረ ብርሃኑን። ለጅቡቲ ብርድ ልብስ መያዝ ለዓሣ ጃንጥላ እንደመግዛት ነው ብዬ ብለፈልፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ያለ ብርድ ልብስ የሚሄድ ሰው አላየሁም አለኝ።

የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሞቀኝ። ከአጥንቴ ጀምሮ ሞቀኝ፤ ደረጃውን ስወርድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። መሪጌታ ጥምጥሙንና ጋቢውን እንዳደረገ ነው፣ አውልቅ ብለው አልሰማኝም። ከውጭ ልጄ ከባሏ ጋር ቆማለች፣ ሕፃኗ በመሐላቸው ናት። እኔ በየሳምንቱ የምታየኝ አያቷ ነኝና እጄን ዘርግቼ ጎንበስ አልኩ። ወደ እኔ ያየችው ለአፍታ ነው። ከዚያ «ጋቢ!» ብላ በአጠገቤ አልፋ ሮጠች፣ በጋቢው ጫፍ ውስጥ ገብታ ተጠቀለለች።

መሪጌታ መሬት ላይ ተንበረከከ። ልጃችን ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከችና ጉልበቱን ልትስም ስትል አንገቷን አቅፎ ያዛት። አለቀሰ፣ ድምፁን አውጥቶ። ሻንጣ የሚጎትተው ሰው ሁሉ በዙሪያቸው እየዞረ ያልፍ ነበር። አማቼ የሚያደርገውን አጥቶ የእኔን ሻንጣ ከእጄ ተቀበለኝ፤ እኔም ይህ ሰው ጨዋ ነው ብዬ በልቤ መዘገብኩት።

ባሕሩን በማግስቱ ሄደን አየነው፤ አየነው ከተባለ። የደረስነው ውኃው ወደ ኋላ በሸሸበት ሰዓት ነበርና ከፊታችን የተንጣለለው ጭቃ ነው። መሪጌታ ረጅም ጊዜ አየና «የተወራለት ይህ ነው?» አለ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት በጠመኔ ስስለው የኖርኩትን የማዕበል መውጣትና መውረድ በኩራት አስረዳሁት፤ ማታ ተመልሰን ስንሄድ ውኃው ግንቡ ሥር ደርሶ ነበር። በብርድ ልብሱ ጉዳይ ግን ረታኝ። ቤታቸው ውስጥ ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ይነፋል፤ ክፍሉ የአንኮበርን ጠዋት ያህላል። በመጀመሪያው ምሽት ብርድ ልብሱን ራሴ ለበስኩት፣ መሪጌታም ምንም አላለኝም። ምንም አለማለቱ ነው የከፋው።

ገበታው ደግሞ እንዲህ ሆነ። አማቼ ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ጋር ሲሠራ የለመዳት አማርኛ አለችው፣ አንተና አንቱን ግን አይለይም። የእኛ ጾም ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚፈታ ከልጄ ሰምቶ፣ በመጀመሪያው ቀን ልክ በሰዓቱ ሽሮና ጎመን ተሸፍኖ እንዲቀርብ አደረገ። «አባቴ፣ ያንተ ሰዓት ደርሷል፣ ብላ» አለው። እሱ ራሱ ከንፈሩ ደርቋል። መሪጌታ ክዳኑን አነሳ፣ አየ፣ መልሶ ከደነው። «አንተ ስትበላ እበላለሁ» አለው። አዛን እስኪሰማ ድረስ ሁለቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። አዛኑ ሲሰማ አማቼ ቴምር አንስቶ ለራሱ ሳይሆን መጀመሪያ ለሱ ዘረጋለት፤ መሪጌታም በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንደዚያው ሆነ።

የቀረበው ሁሉ የጾም ነበር። ሳምቡሳው የምስር ነው፣ ሾርባው የአትክልት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶች አሉኝና የረመዳን ማታ ያለ ሥጋ እንደማይታለፍ አውቃለሁ። መሪጌታም ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ልጃችንን ወጥ ቤት ገብቶ «የባልሽ ምግብ የታለ?» ብሎ ጠየቃት።

«እናንተ እዚህ እስካላችሁ ሥጋ አይግባ አለ» አለችው።

ያን ማታ መሪጌታ ሲበላ ሰውየውን ቀና እያለ ያየው ነበር።

በመጨረሻው ማታ ሁላችንም ተቀምጠን፣ ሕፃኗ ጋቢው ውስጥ እንደ ልማዷ ተጠቅልላ፣ እጁን ታጥቦ ወደ አማቹ ዞረ። «ከርሞ ጾማችን አይገጥምም» አለው።

አማቼ እጁ ላይ የነበረውን ቴምር አስቀመጠ። «ታዲያ አትመጡም?» አለ። ልጄ አቀርቅራ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ያለውን መልስ ከልጄ በላይ የምፈራው እኔ ነበርኩ።

«በግ ትገዛለህ?» አለው መሪጌታ።

«እገዛለሁ።»

«ሁለት ግዛ። አንዱን አንተ ታርዳለህ፣ አንዱን እኔ አርዳለሁ። ሁለት ድስት እንጥዳለን።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ወቅት ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው «መምህር» አለኝ፣ «ወደዚህ አገር ለመምጣት የሚሻለው ወር የትኛው ነው?»

«ጥር» አልኩት፤ ጥምቀት እያለ እንዲለኝም ጠበቅሁ።

«ታቦቱ እንደገባ እንነሳለን» አለና ለልጅ ልጁ ሳምቡሳ ቆረሰላት።